በካርቶን ላይ ያስተማሩን የኔታ

የኔታ ይኄይስ ማረፋቸውን የነገረኝ ዳምጤ ነው። ስልኬ ሲጮኽ ከሥራ ልወጣ ጃንጥላዬን እየፈለግሁ ነበር። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንድ ክፉ ነገር የመጣብኝ የሚመስለኝ ሰው ነኝ፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ያን ቀን ግን ሆነ። ዳምጤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «እማዋይሽ፣ የኔታ አረፉ» አለኝ፤ ቀጥሎ ለቅሶው ተሰማኝ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ያ ሰው ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀብሩ በማግሥቱ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው ከተማ፣ አምበር፣ እንደሚፈጸም የነገረችኝ ስልኩን የተቀበለችው ሚስቱ ናት።

በቀብሩ ላይ ስለ ደግነታቸው ብዙ ተባለ። እኔ የማውቀውን ግን ማንም አላነሣም፤ ነገሩን ከውስጡ ሆነን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አሁን ሁለት ቀርተናል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የኔታ ስንላቸው የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ ማለት አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ እኔ በተቀጠርሁበት መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱ እናታቸውን ሊረዱ ትምህርቱን ትተው ተመለሱ፤ ካደጉ በኋላ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው በላይ ጋቢ ደርበው ቢሮ የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ሲያዳምጡ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። አዲስ የተቀጠረ ሰው የተኙ መስሎት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «እየሰማሁ ነው፤ ቀጥል» ይሉታል።

ሥራችን ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማድረስ ነበር። የየቀበሌው የገበሬ ማኅበር የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ ይልካል። እኔ እመዘግባለሁ፤ የሥርጭት ኃላፊው ዳምጤ አይቶ ያጸድቃል፤ መጋዘን ይጭናል። ዳምጤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቁጣው ቅርብ፣ ቂም ግን የማያውቅ ሰው ነው። ስቀጠር አጠገቡ አስቀምጦ ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያን ጊዜ የማኅበራቱን ስም ስለማምታታ በየቀኑ አለቅስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለቅሶዬን ያላየ መስሎ ወደ መስኮቱ ይዞርልኝ ነበር።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአንዱ፣ ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰበንና ከሚመጣው የዘር ወቅት ጀምሮ ወረቀት እንደሚቀር፣ ጥያቄው፣ ማጽደቁና ጭነቱ ሁሉ በኮምፒዩተር እንደሚሠራ ነገረን። ሶፍትዌሩን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሠርቶታል፤ አሠልጣኝ ለሦስት ቀን ይመጣል። ይኽን ብሎ ወጣ። እሱ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ ስድስት ሰው ሲሠራው የኖረውን ሁለት ሰው ከሠራው አራታችን የት እንሄዳለን?

ጥያቄውን አፍ አውጥቶ የጠየቀ አልነበረም። በምትኩ ሁሉም በየፊናው ይከላከል ጀመር። አንዱ ባልደረባችን የኮምፒዩተሩ ብርሃን ዐይኔን ይወጋኛል ብሎ የሐኪም ወረቀት አመጣ። አንዷ ሥልጠናው ባለበት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ጠየቀች። ዳምጤ በመጀመሪያው ቀን ሥልጠና እኩሌታ ላይ «መጋዘን አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣና በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ላይ ተመለሰ። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ዕለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አለበሰው፤ ሲጠየቅ አቧራ እንዳይገባበት ነው አለ። እኔ ከሁሉም የባስሁ ነበርሁ። ሦስቱንም ቀን ከፊት ተቀምጬ፣ ፈገግ እያልሁ፣ አንገቴን እየነቀነቅሁ፣ አንድም ነገር ሳይገባኝ ጨረስሁ። አሠልጣኙ ሲሰናበት ጎበዝ ተማሪ ብሎ በስሜ አመሰገነኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴን የማስተዳድረው እኔ ብቻ ነበርሁና።

ሁለት ወር አለፈ፤ ከረጢቱን ያነሣው የለም። ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ፣ ደብዳቤ በተነ፣ አስፈራራ። በመጨረሻ ሰው የሚሰማው እሳቸውን ነው ብሎ አቶ ይኄይስን የሥራው አስተባባሪ አደረጋቸው። ስለ ኮምፒዩተር ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያ ስብሰባቸውን አልረሳውም። ስለ ሥልጣኔና ስለ ዘመን መለወጥ ሊነግሩን ነው ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ «እኔ ፈርቻለሁ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ከልጆቼ በሚያንሱ ሰዎች ፊት ሳልችል እንዳልታይ ነው የምፈራው። እናንተስ?» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። በኋላ ዳምጤ፣ የእሱ በማይመስል ዝግ ያለ ድምፅ፣ የምንፈራው መባረርን እንደ ሆነ ተናገረ። እሱ ከተናገረ በኋላ ሌላው ሁሉ ወጣ። የሐኪም ወረቀት ያመጣው ሰው ዐይኑ ደኅና እንደ ሆነ አመነ። እኔም ከሥልጠናው ምንም እንዳልገባኝ ነገርኋቸው፤ ማንም አልሳቀብኝም።

ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገቡና፣ በዚህ ሥራ ምክንያት ማንም እንደማይባረር በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። እንዲህ ያለ ወረቀት አልፈርምም አላቸው። ተመልሰው ይኽንኑ ሳይደብቁ ነገሩንና፣ «እንግዲህ ያለው የእኔ ቃል ነው። ከእናንተ አንድ ሰው ቢነሣ ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ» አሉ። ሌሎቹ ተጽናኑ። እኔ ግን እሳቸው ከተነሡ በኋላ እኛን ማን ሊያስቀረን ነው ብዬ አዲስ ጭንቀት ጀመርሁ።

ማስተማር የጀመሩት በካርቶን ነው። ኮምፒዩተሮቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ መብራቱ ደግሞ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ይጠፋል። የኔታ ካርቶን ቀድደው፣ በነጭ ወረቀት ለብጠው፣ የኮምፒዩተሩን ገጾች አንድ በአንድ በማርከር ሣሉና በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በተራ በምስማር መቱት። ገጹ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አብዛኞቻችን ገና ስናየው እንደነብራለን። እሳቸው ቃሉን ተዉትና ቦታውን አስያዙን። በረጅም ሸንበቆ እየጠቆሙ «ቀበሌውን ምረጥ» ይላሉ፤ እኛ በአንድ ድምፅ እንቀበላለን። «ዘሩን ምረጥ። ኩንታሉን አስተያይ። በስተቀኝ ያለውን ንካ። ሲጠይቅህ አዎን በል።» ጫኞቹ በር ላይ ቆመው ይስቁብናል። ዳምጤ በፌዝ «የኔታ» ብሎ የጠራቸው ያን ጊዜ ነው። ፌዙ ቶሎ ጠፋ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ስንሳሳት አይቆጡም። «ከላይ» ይላሉ፤ በቃ። አምስተኛው ላይ ብትሳሳትም ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። አንድ ቀን እኔን ዘጠኝ ጊዜ «ከላይ» ብለውኛል። በላብ ተጠመቅሁ፤ እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ዘጠነኛውንም ልክ እንደ መጀመሪያው በትዕግሥት ሰሙኝ። ራሳቸውንም አላስቀሩም። በሳምንት አንድ ቀን ሸንበቆውን ለአንዳችን ሰጥተው እኛ እንድንጠይቃቸው ያደርጋሉ። ሁላችን እያየን ይሳሳታሉ፤ ጆሮ ግንዳቸው ይቀላል፤ ከዚያ ራሳቸውን «ከላይ» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ያን ያህል ማፈርን የሚፈሩ ሰው በየሳምንቱ በፈቃዳቸው ያፍሩ ነበር።

የሚያጉረመርም ሰው ሲያገኙ ያስቀምጡትና ያዳምጡታል። ዳምጤ አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ቀበሌዎቹን በፊደል ተራ ደርድሮ አገር እንዳሳተው አማረረ። እኛ ቀበሌ የምናውቀው በመንገድ ነው፤ ከማርቆስ ተነሥተን ወደ ደጀን እያየን፣ መኪና በሚያልፍባቸው ተራ። ሌላ አለቃ ቢሆን ልመደው ይለው ነበር። የኔታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ አዲስ አበባ እየደወሉ ድርጅቱን ነዘነዙትና ዝርዝሩ በመንገዱ ተራ ተስተካከለ። ዳምጤ ዝርዝሩን ባየ ማግሥት ከሁሉም ቀድሞ ካርቶኑ ፊት ቆሞ ተገኘ።

ቆሎ ተማሪ ቤት እንደሚደረገው፣ ያወቀው ላላወቀው እንዲያስቀጽል፣ ማለት ቃል በቃል በአፉ እንዲያስይዘው አደረጉን። ለእኔ የደረሰኝ ዳምጤ ነው። ያስተማረኝን ሰው ማስተማር አሳፈረኝ፤ እሱም ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ሰውዬው ድምፅ አለውና ዜማው ጣመው። ከሁላችን ቀድሞ ሸመደደው። ሥራ አስኪያጁ ሊጎበኘን የመጣ ዕለት ዳምጤ ሸንበቆውን ይዞ ከላይ እስከ ታች አንድ ሳያዛንፍ ተወጣው። ተጨበጨበለት። ሥራ አስኪያጁ የተቃዋሚዎቹ አለቃ ዛሬ እጁን ሰጠ ብሎ ቀለደ። የኔታ ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከረጢቱም ተነሣ። ነገር ግን ዳምጤ እውነተኛው ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀስቷ ከሚፈልገው ቦታ አትቆምለትም፤ ታልፈዋለች፣ ሊመልሳት ሲል ትጠፋበታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና፣ «እማዋይሽ፣ በእናትሽ፣ የእኔንም አንቺው አጽድቂልኝ። ሰው አይወቅ» አለኝ። የይለፍ ቃሉን ጽፎ ሰጠኝ። የይለፍ ቃል መስጠትም መቀበልም ከሥራ እንደሚያሰናብት ሁላችንም ፈርመናል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ዳምጤ ሲለምን ማየት ግን አልቻልሁም፤ እሺ አልሁት። ከዚያ ወዲያ እሱ ከማኅበራቱ አሁንም የሚመጣውን ወረቀት አይቶ «ይሁን» ይለኛል፤ እኔ በእሱ ስም ገብቼ አጸድቃለሁ። በኮሪደሩ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወንበር እንለዋወጣለን።

የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። ዘሩ በጊዜው ደረሰ፤ ማንም አልተባረረም። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሰው እየመጣ ካርቶኖቹን ፎቶ ያነሣ ጀመር። የኔታ ደስታቸውን አልደበቁም። «ልጆቼ ዐይናቸውን ቢጨፍኑ ይሠሩታል» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እጄ ቦታውን ስለለመደ ገጹን ማንበብ ከተውሁ ቆይቼ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ እንደገባ፣ ሶፍትዌሩ ታደሰ። አዲሱ ለዐይን ከድሮው አይለይም። በማጽደቂያው ገጽ ላይ ግን ሁለቱ ቁልፎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በስተቀኝ የነበረው ማጽደቂያ ወደ ግራ ሄዷል፣ በእሱ ቦታ መሰረዣው ተቀምጧል። ያን ቀን ጠዋት በዳምጤ ስም ገባሁ። በአምበር በኩል ያሉ ስድስት ማኅበራት የስንዴ ምርጥ ዘር ጠይቀው ነበር። ዜማውን በሆዴ እያልሁ ቀበሌውን መረጥሁ፣ ዘሩን መረጥሁ፣ ኩንታሉን አስተያየሁ፣ በስተቀኝ ያለውን ነካሁ። ኮምፒዩተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። አዎን አልሁት። ስድስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ስድስት ጊዜ አዎን አልሁት። ዳምጤ አጠገቤ ቆሞ ወረቀቶቹን ያገላብጥልኝ ነበር።

ኮምፒዩተሩ የተሰረዘውን ዘር ፈላጊ የሌለው አድርጎ ለሌላ አካባቢ መደበው፤ መኪኖቹም ጭነው በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። ነገሩ የታወቀው ከአምበር በኩል የአንዱ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ሽማግሌ ገበሬ፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ሲመጡ ነው። አልጮኹብኝም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና፣ «ልጄ፣ ማሳው ለስልሶ ይጠብቃል። ዘሩ መንገድ ላይ ነው ወይስ ቀርቷል?» አሉኝ። ገጹን ከፈትሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ አነበብሁት። ስድስቱም ላይ «ተሰርዟል» ይላል። መጋዘን ውስጥ የተረፈው ዘር ለሁለቱ ማኅበራት ብቻ በቃ፤ አራቱ የዓመቱን ምርጥ ዘር አጡ።

ሥራ አስኪያጁ ማን እንደ ሰረዘው ከኮምፒዩተሩ አወጣ። ስሙ የዳምጤ ነው። ከመጀመሪያው ሥልጠና ረግጦ የወጣ፣ ከረጢት ያለበሰ ሰው፤ ስለዚህ ሆን ብሎ ሥራ አበላሸ ተባለ። ሰኞ ተጠርቶ ዓርብ ለኮሚቴ መልስ እንዲሰጥ ታዘዘ። የስንብት ደብዳቤው ግን ከወዲሁ ተጽፎ እንዳለቀ ጸሐፊዋ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ዳምጤ አልተናገረም። እኔ አይደለሁም ቢል የይለፍ ቃሉን አሳልፎ መስጠቱን ማመን አለበት። ደግሞም ያን ሁሉ ጭብጨባ ከተቀበለ በኋላ አንድም ቀን በእጄ ሠርቼው አላውቅም ማለት አለበት። ለእኔ አዝኖ ይሁን ለራሱ አፍሮ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀት ያገላብጣል። ቀና ሲል አቀረቅራለሁ፤ ቀና ስል ያቀረቅራል። ቤት ልጆች አሉት። ይኽን ሁሉ አውቃለሁ፤ ዝም ብያለሁ።

እነዚያን አራት ቀናት እህል አልቀመስሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ልናገር ብዬ በየቀኑ ወደ የኔታ ቢሮ ሄድሁ። ቢሯቸው በኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ጥቂት እርምጃ ሲቀረኝ እናቴ ትታየኛለች፤ ከሥራ የተባረርሁ ሴት ሆኜ ሰው እየጠቆመብኝ ገበያ መካከል ስሄድ ይታየኛል። ሰኞ ተመለስሁ። ማክሰኞ ተመለስሁ። ረቡዕ ከደፉ ላይ ደርሼ ተመለስሁ። ሐሙስ ዳምጤ መሳቢያውን ባዶ ሲያደርግ፣ የልጆቹን ፎቶ በጋዜጣ ሲጠቀልል አየሁና ተነሥቼ ሄድሁ፤ አሁንስ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ ያንም ቀን ተመለስሁ።

ዓርብ ሁላችን በተሰበሰብንበት ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ማንበብ ጀመረ። የኔታ እጃቸውን አነሡ፤ ቆሙና ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት የቁልፎቹ ቦታ እንደሚለወጥ አስቀድሞ የላከው ማስታወቂያ ነበር። «ይኽ ለእኔ ነው የመጣው» አሉ። «አነበብሁት። ትንሽ ነገር ነው፣ ልጆቹ ሥራቸውን ያውቃሉ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርሁት። ሳያነብቡ እንዲነኩ ያስተማርኋቸውም እኔ ነኝ። ዳምጤ ተንኮል አልሠራም። ደብዳቤው በእኔ ስም ይጻፍ።»

ወረቀቱ እውነተኛ ነበር፤ ማኅተም አለበት። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ኮሚቴው ለብቻው ተነጋገረ። እሳቸውን ለማባረር የደፈረ አልተገኘም፤ ከኃላፊነታቸው ተነሥተው አምበር ባለው ትንሽ መጋዘናችን ዕቃ እንዲያስረክቡ ተወሰነ። ዳምጤ ቀረ። እኔም ቀረሁ። በዚያው ቀን ካርቶኖቹን ከግድግዳው ራሳቸው ነቀሉ። ላግዝዎት ስላቸው «ተይው፣ ምስማሩ ይወጋሻል» አሉኝ። ፊቴን አላዩኝም፤ ወይም እኔ ፊታቸውን አላየሁም።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ አምበር ሄድሁ። እስከዚያ ድረስ የምሄድበት ፊት አልነበረኝም። የኔታ ከመጋዘኑ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኒያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያናገሩኝ ሽማግሌ ገበሬ አጠገባቸው ነበሩ። በኋላ እንደሰማሁት የኔታ አምበር በገቡበት ሳምንት የማኅበራቱን ሰዎች ሰብስበው፣ ዘራችሁን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብለው ነግረዋቸዋል። ሽማግሌው ሰላም ብለውኝ ሄዱልን። እኔ ሳልቀመጥ ከይለፍ ቃሉ ጀምሬ እስከ ሐሙስ ያለውን ሁሉ ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ዳምጤ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሲቀላጠፍ የማን እጅ እንደሆነ አላጣሁትም። ያን ጊዜ ማስቆም ነበረብኝ፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ተውሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ትመጫለሽ ብዬ ነዋ። አራት ቀን በሬን ከፍቼ ተቀመጥሁ። በየቀኑ መጥተሽ ስትመለሺ የጫማሽን ድምፅ እሰማው ነበር።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ዐይናቸውን ገለጡና፣ «ልጠራሽ ይገባኝ ነበር» አሉ። «አንድ ጊዜ እማዋይሽ ብል ትገቢ ነበር። ራሷ ትምጣ ብዬ ኮራሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» ይቅርታ ልጠይቅ የሄድሁት እኔ ነበርሁ። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ እሳቸውም አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ሰኞ ጠዋት ዳምጤን፣ ልናገር ነው አልሁት። ኮቱን ለበሰና አብሮኝ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም እስከ መጨረሻው ሰማን። ጮኸብን፤ ጠረጴዛውን መታ፤ ከዚያ ደክሞት ተቀመጠ። ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠን ነገረን። የኔታ ወደ ቦታቸው ይመለሱ ብለን ለመንነው፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ከእንግዲህ የሚሆን አይደለም አለን። ዳምጤ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ቀረሁና፣ ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ምን ያደርገኝ እንደ ነበር ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበ። «ያን ጊዜም ያው ማስጠንቀቂያ ነበር የምጽፍልሽ» አለኝ። «ያስቆጣኝ ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎኝ ነው እንጂ፣ ለተሳሳተ ሰው ስንብት አልጽፍም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የማስጠንቀቂያዬን ወረቀት ይዤ አምበር ተመለስሁ። የኔታ ከዐይናቸው አርቀው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ሌላ ነገር የተጻፈበት መስሏቸው ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ባዶ ነው።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«ይኸው ነው፣ የኔታ።»

መሳቅ ጀመሩ። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሳቂ እንጂ» አሉኝ። ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ያን ሁሉ የፈራሁት ማስጠንቀቂያ አራት መስመር ነበረች።